ባልሽ ወንድምሽ ነው የተባልኩበት ሳምንት

ሴትን ባሏን ሞት ይነጥቃታል፣ ሌላ ሴት ትነጥቃታለች። እኔን ባሌን የነጠቀኝ ቅድመ አያት ነው። አትሳቁ። መጀመሪያ የነገሩኝ ቀን እኔም ስቄ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሳቅ የሚባል ነገር ለብዙ ጊዜ ጠፋኝ።

ሙሉነሽ እባላለሁ። ያኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አንድ መኝታ ቤት አፓርትመንት ውስጥ ከባሌ ከዳኛቸው ጋር እኖር ነበር። በየቀኑ ቤልትዌይ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዤ አሌክሳንድሪያ ድረስ እየነዳሁ፣ ሚስስ ሔለን የሚባሉ አሮጊት አሜሪካዊት ቤታቸው ውስጥ እንከባከባለሁ። ዳኛቸው የሰበካ ጉባኤ አባል ነው። ቅዳሜና እሁድ ከቤተ ክርስቲያን አይጠፋም፤ ነጠላ ሲያጣፋ እናቶች "እንዲህ ያለውን ለልጄ" ይሉ ነበር። ልጅ ገና አልሰጠንም። እሱም ቢሆን "እግዚአብሔር በጊዜው" እያለ ያጽናናኛል፣ እኔም እጽናናለሁ።

የተጋባነው በቁርባን ነው። በቁርባን የተጋባ ሰው ደግሞ ስለሰለቸው ብቻ ተነስቶ "በቃኝ" አይልም። ቢል እንኳ አገልግሎቱም ስሙም አብሮት ይሄዳል። አንድ ነገር ግን ያንን ጋብቻ ከሥሩ ያፈርሰዋል፤ ባልና ሚስቱ ዘመዳሞች ሆነው ከተገኙ። እስከ ሰባት ቤት የሚገናኝ ሰው እኛ ዘንድ አይጋባም። ለዚህ ነው ከሠርግ በፊት ዘር የሚቆጠረው።

የእኔን ዘር ያኔ የቆጠረችልኝ የአባቴ እህት፣ አክስቴ የሺ ናት። አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው። ወደዚህ አገር ያመጣችኝ፣ መንዳት ያስተማረችኝ፣ በሠርጌ ቀን በእናቴ ቦታ የቆመችው እሷ ናት። አባቴ ጎጃም ነው፤ ያን ሰሞን ስልኩ አልገናኝ ብሎን ስለነበር ሽማግሌዎቹ "የሺ ካለች ይበቃል" አሉ። እሷም "ቆጥሬያለሁ፣ ንጹሕ ነው" አለች። ተጋባን።

በአራተኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ የሠርጋችን ሽማግሌ የነበሩት። ከኋላቸው አክስቴ የሺ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች።

"ማን ሞተ?" አልኩ።

"ማንም አልሞተም። ግቢና ቁጭ በይ ልጄ" አሉ ጋሽ ወርቁ፣ በገዛ ቤቴ።

ዳኛቸው ሶፋው ላይ አቀርቅሮ ተቀምጧል። መምጣታቸውን ያውቅ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

"ልጄ፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም" ብለው ጀመሩ ጋሽ ወርቁ። "አንቺና ዳኛቸው ዘመዳሞች ሆናችሁ ተገኛችሁ።"

እንዳልኳችሁ ሳቅሁ። "በማን በኩል?"

"በግራዝማች እንግዳ በኩል። ለዳኛቸው የአያቱ አባት ናቸው። ላንቺ ደግሞ የቅድመ አያትሽ የወንዴ እናት የግራዝማች ልጅ ኖራለች። ሰባት ቀርቶ ስድስት ቤት አይሞላም።"

"እኔው ነኝ የደረስኩበት" አለች አክስቴ፣ ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተክላ። "ያኔ በጥድፊያ የወንዴን እናት ዘለልኳት። እኔን አፈር ያስበላኝ።"

አለቀሰች። አክስቴ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበርና እኔም አለቀስኩ። እሷን አቅፌ "ምን ታደርጊ፣ አውቀሽ አይደለም" አልኳት። ይህን የምነግራችሁ እኔን እንድታውቁኝ ነው፤ ገዳዬን አባብል ነበር።

ጋሽ ወርቁ ቀጠሉ። የሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እሳቸው ቤት እንሰበሰባለን፣ የንስሐ አባታችን ባሉበት ጋብቻው ይፈርሳል። እስከዚያ ሳናውቅ ለሠራነው ኃጢአት ጾምና ስግደት ታዟል። የማንም ጥፋት አይደለም፣ ማንም አይወቀስም፣ ስማችን አይጎድፍም። ሲወጡ ዳኛቸው ቀና ብሎ አየኝና "ከእንግዲህ እህቴ ነሽ ሙሉ፤ ወንድምሽ ሆኜ አለሁልሽ" አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሎን ተኛ። እኔ መኝታ ቤት ውስጥ ጉልበቴ እስኪዝል እሰግዳለሁ። አራት ዓመት ከገዛ ወንድሜ ጋር ኖሬአለሁ፣ ይቅር በለኝ እያልኩ፣ የወደድኩትን ሁሉ አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ይቅርታ እለምናለሁ። እሱ "ቤተ ክርስቲያን ነኝ" ብሎ ወጥቶ ይቆያል። አሳዘነኝ፣ አይዞህ እያልኩ ሸሚዝ ተኮስኩለት።

ሰኞ ሥራ ስገባ ዓይኔ አብጧል። ሚስስ ሔለን ዕድሜያቸውን ሙሉ ታሪክ ያስተማሩ ሴትዮ ናቸው። እግራቸው እምቢ ካለ ቆይቷል፤ ምላሳቸው ግን ማንንም አይምርም። ቁርሳቸውን ሳቀርብ ሳህኑን ገፉና "ማን ነው ያስለቀሰሽ?" አሉኝ።

አንድ ነገር ዋሽቼ ላልፍ አሰብኩና አቃተኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰባት ቤት የሚባለውን ለማስረዳት በጣቴ ሁሉ ስቆጥር ዝም ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ "ይሄ በአንዲት ንግሥት ላይ የደረሰ ነው" አሉ።

እኔ እንዲህ ተቃጥዬ ስለ ንግሥት ማውራታቸው አናደደኝ። ቢሆንም ሥራዬ ነው፣ ቁጭ ብዬ ሰማሁ።

ስሟን ሲጠሩት ጉሮሮ የሚጠርጉ ነው የሚመስለው፤ ምላሴ ስለማይችለው ንግሥቲቱ እላታለሁ። ከስምንት መቶ ዓመት በፊት የኖረች የዴንማርክ ንጉሥ ልጅ ናት። ሚስቱ የሞተችበት የፈረንሳይ ንጉሥ አስመጥቶ አገባት። በአሥራዎቹ መጨረሻ ያለች ልጅ ናት፤ የአገሩን ቋንቋ አንዲት ቃል አታውቅም። ሠርጉ ተሠርጎ በማግስቱ ዘውድ ሲጫንላት፣ ያ ትናንት ያገባት ንጉሥ ፊቱ ገርጥቶ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሥነ ሥርዓቱ ሲያልቅ "ውሰዱልኝ፣ አልፈልጋትም" አለ።

"ምን አድርጋው?" አልኳቸው።

"እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እሱም አልተናገረም" አሉ ሚስስ ሔለን።

እንዲሁ እንዳይፈታት ቤተ ክርስቲያን አለች። ስለዚህ ምን አደረገ? ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ጳጳሳትና መኳንንት ሰበሰበ። አብዛኞቹ የራሱ ዘመዶች ናቸው። ዘር ቆጠሩ። ይቺ ልጅ ከሞተችው ሚስቱ ጋር ትዛመዳለች፣ ስለዚህ ጋብቻው ጋብቻ አይደለም ብለው ማሉና አፈረሱት። እሷ እዚያው መሐላቸው ተቀምጣለች፤ የሚሉትን አትሰማም። በአስተርጓሚ ሲነገራት አለቀሰችና በማትችለው ቋንቋ ሁለት ሦስት ቃል ለቃቅማ "ክፉ ፈረንሳይ! ሮም! ሮም!" ብላ ጮኸች፤ ለሮም ጳጳስ አቤት ማለቷ ነው።

"ከዚያስ?"

"ከገዳም ገዳም፣ ከግንብ ግንብ አሰሯት። እሱ ሌላ ሴት አገባ። የሮም ጳጳስ ተቆጥቶ በአገሩ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ እንዲዘጋ አደረገ። ደወል ቆመ፣ ሙታን በወጉ መቀበር ተከለከሉ። ንጉሡ መለስኳት ብሎ አታለለ፤ እንደገና አሰራት። እሷ ግን 'ሚስቱ ነኝ፣ ንግሥት ነኝ' እንዳለች ሃያ ዓመት ቆየች። በመጨረሻ ንግሥትነቷን መለሰላት።"

"ዘሩስ? እውነት ይዛመዱ ነበር?"

ሚስስ ሔለን በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። "ውሸት ነበር። የአገሯ ሰዎች በትክክል ቆጥረው ውሸት መሆኑን አሳዩ። የሐሰቱን የቆጠሩት የንጉሡ ሰዎች ነበሩ እንጂ የእሷ ሰው አንድም አልነበረም። ያንቺንስ የቆጠረው ማን ነው?"

"አክስቴ ናት። የራሴ ሰው" አልኩ ቶሎ ብዬ።

"አባትሽ በሕይወት የለም?"

"አለ" አልኩ። ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። እኔ በገዛ ዘሬ ባለቤት ሆኜ ለአባቴ እንኳ አልደወልኩም ነበር። ለምን መሰላችሁ? አፍሬ ነዋ። ልጅህ ዘመዷን አግብታ ኖረች ብዬ እንዴት ልንገረው?

እዚያው ከሚስስ ሔለን ኩሽና ደወልኩ። አባዬ የበሬ፣ የዝናብ፣ የጉልበቱን ነገር አወራኝ። "አባዬ፣ የወንዴ እናት የግራዝማች እንግዳ ልጅ ናት እንዴ?" አልኩት።

 

"ማነው ደግሞ ይሄን ያነሳው?" አለ። "ብትሆንማ ኖሮ አባቴ ካሳ አንጀቱ ተቃጥሎ ይሞት ነበር?"

"እንዴት?"

"በጃንሆይ ጊዜ ነው። አባቴ በግራዝማች ርስት ላይ ድርሻ አለኝ፣ አያቴ የሳቸው ልጅ ናት ብሎ ተሟገተ። የአገር ሽማግሌ ተቀምጦ ዘር ተቆጠረ። የግራዝማች ልጆች መስቀል ይዘው 'ይቺ ሴት ከሌላ አገር የመጣች ናት፣ ከእኛ አትወለድም' ብለው ማሉ። ምስክርም ሞልቶ ነበር። አባቴም እድሜውን ሙሉ ሲሳሳት እንደኖረ አወቀ። ተረታ። ያን ቀን ከችሎት ሲመለስ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እኔም የሺም ልጆች ነበርን፤ አጠገቡ ተቀምጠን አብረነው አለቀስን።"

"አክስቴም ነበረች?"

"ምን ነበረች ትያለሽ፣ ከኔ በላይ ስታለቅስ የነበረችው እሷ አይደለችም?"

ባሌ የግራዝማች የልጅ ልጅ ልጅ መሆኑን ስነግረው "አዲስ አበቤ ነው ብላችሁኝ" አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ "ልጄ፣ ማን ነው ዘመዱ ነሽ ያለሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። ስልኩን ዘጋሁት። ባሌ ቢዋሸኝ ወንድ ነው እል ነበር። አክስቴ ግን ከአባቷ ጋር አልቅሳለች፤ እያወቀች ነው። 

ከሺፍት ስወጣ ሲልቨር ስፕሪንግ አልሄድኩም፤ ወደ አክስቴ ቤት ነዳሁ። በሩን ስትከፍት ገና ከፊቴ ገባት።

"እታለም፣ አባዬን አናገርኩት" አልኳት።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ተቀመጪ።"

"አልቀመጥም። ለምን?"

"ዳኛቸው እግሬ ላይ ወድቆ ለመነኝ" አለች። "ሀያትስቪል የሚባለው ሰፈር ሌላ ሴት አለችው። አርግዛለች፣ ሆዷ ገፍቷል። አገር ሳያየው በፊት መላ ፈልጊልኝ አለኝ።"

"አንቺም ፈለግሽለት።"

"ላንቺ ብዬ ነው!" አለች ድምፅዋ ተሰብሮ። "ትዳሩ ሄዷል ሙሉ፣ አንቺ ነሽ ያላወቅሽው። መካን ናት ብሎ ተዋት ከሚሉሽ፣ በሴት ተቀየረች ከሚሉሽ፣ ዘመድ ሆነው ተለያዩ ቢሉሽ አይሻልም? ማንም ጣቱን አይቀስርብሽም። እንደ ልጃገረድ ስምሽን ይዘሽ ትወጫለሽ።"

"እሱም ስሙን ይዞ ይወጣል።"

"ይውጣ! ምን ቸገረሽ?"

"እኔ እኮ እየሰገድኩ ነው እታለም" አልኳት። "ጉልበቴን እይው። ኃጢአት ሠራሁ ብዬ እየሰገድኩ ነው። እሱ ቤተ ክርስቲያን ነኝ እያለ እሷ ጋ ሲያመሽ፣ እኔ አገባሁህ ብዬ እግዚአብሔርን ይቅርታ እየጠየቅኩ ነው።"

ይሄን አላሰበችውም ነበር መሰለኝ። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ቀጥላ ያለችኝ ግን ከሁሉ የባሰ ነው፤ "አሁንም አልረፈደም፣ ዝም በይ። እሁድ ያልፋል።"

የሚገርማችሁ፣ እስከ እሁድ ዝም አልኩ። አክስቴ ተስማማች ብላ ነው ያሰበችው። ዳኛቸውንም አንድ ቃል አላልኩትም። ሸሚዙን ግን አልተኮስኩም፤ ስግደቱንም ተውኩት። ማታ ማታ ከአባዬ ጋር እየደወልን ዘሬን አጠናሁ። ስሳሳት ያርመኛል፣ እንደገና ያስጀምረኛል። ለምን እንደማጠናው አልጠየቀኝም።

እሁድ ጋሽ ወርቁ ቤት ስገባ ሁሉም ተቀምጠዋል። ሁለት ሽማግሌዎች፣ የንስሐ አባታችን፣ አክስቴ፣ ዳኛቸው። ነጭ በነጭ ለብሷል። የንስሐ አባታችን ጸሎት አድርሰው "እንግዲህ አምላክ የማይሆነውን አሳየን..." ብለው ሲጀምሩ ተነሳሁ።

"አባታችን፣ ከመፍረሱ በፊት ዘሬን እኔው ልቁጠር።"

ጋሽ ወርቁ "ተቆጥሯል ልጄ" አሉ።

"እኔ ሳልኖር ነው የተቆጠረው።" "ሙሉነሽ የዓለሙ ልጅ ነኝ። ዓለሙ የካሳ፣ ካሳ የወንዴ፣ ወንዴ የጀንበሬ፣ ጀንበሬ የዋሴ፣ ዋሴ የእምሩ።" በእናቶቹም በኩል አንድም ሳልዘል ቆጠርኩ፤ የወንዴ እናት ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። "እሷ ከሌላ አገር የመጣች ናት። የግራዝማች እንግዳ ልጅ አለመሆኗን መስቀል ይዞ የማለው የዳኛቸው አያት ነው። አያቴ ካሳ ርስት ሲጠይቅ 'ዘራችን አይደለህም' ብለው ባዶ እጁን ሰደዱት። እኔ ባል ስይዝ ዘራችሁ ሆንኩ? አባቴ ስልክ ላይ ነው፤ ካላመናችሁኝ ጠይቁት።"

ጋሽ ወርቁ ወደ አክስቴ ዞሩ። "የሺ? እኔ ያንቺን ቃል ይዤ ነው የዚህችን ልጅ በር ያንኳኳሁት።"

አክስቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች። 

የንስሐ አባታችን ዳኛቸውን አዩት። "ዳኛቸው፣ ያንን ስግደት ያዘዝኩት ለማን ኃጢአት ነው?"

"አባታችን፣ እኔ ለእሷ ክብር ብዬ..." ብሎ ጀመረ።

"የእኔን ክብር ተወው" አልኩት። "አልከራከርህም፣ አልለምንህም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። እዚህ ሰው ፊት እውነቱን በል። አልፈልጋትም፣ ሌላ ወድጃለሁ በል። በእሱ ፍታኝ። በሐሰት ግን እህትህ አታድርገኝ።"

አቀረቀረ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ያኔ እንኳ የሆነ ቦታዬ "አይልም፣ ይቅርታ ይላል" እያለ ይጠብቅ ነበር።

"ሌላ ሴት አለችኝ" አለ በመጨረሻ። "ልጅ ልትወልድልኝ ነው። ሙሉን... አልፈልጋትም።"

እንደ ጥፊ ነው የመታኝ። ቢሆንም እውነት ነበር። ከቅዳሜ ወዲህ ከእሱ አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው እውነት። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁና ፓርኪንግ ውስጥ፣ መኪናዬ ላይ ተደግፌ፣ ባሏን እንዳጣች ሴት አለቀስኩ። እስከዚያ ድረስ ያለቀስኩት እንደ ኃጢአተኛ ነበር።

ጋብቻው በዘመድ ስም አልፈረሰም። የንስሐ አባታችን እምቢ አሉ፤ ዳኛቸውም ከአገልግሎት ወረደ። እሱ በፍርድ ቤት ዲቮርስ አድርጎኝ ሀያትስቪል ገባ። እኔም ወረቀቱን ፈርሜ የወጣሁት ሚስት ተብዬ ነው፤ ለእኔ የበቃኝ እሱ ነው። ሚስስ ሔለን ሲሰሙ "አንቺ ሃያ ዓመት አልፈጀብሽም" አሉኝ። ንግሥቲቱ ያኔ ግንብ ውስጥ ታስራ ስትራብ፣ "አዎ የሚስቱ ዘመድ ነኝ" ብላ ብትለቀው ኖሮ በሰላም አገሯ ትገባ ነበር ብለውኛል። ለምን እንዳላለች ድሮ ቢነግሩኝ ሞኝ ናት እል ነበር። አሁን አልልም።

አክስቴን ይቅር ብያታለሁ ወይ ትሉኝ ይሆናል። በዓል ሲሆን እደውላለሁ፤ ስትታመም ሐኪም ቤት ወስጃታለሁ። ቤቷ ግን እህል አይወርድልኝም። እሷ ያለችው ሁሉ ደርሶብኛል፤ ተፈታች ብለውኛል፣ መካን ብለውኛል። አንገበገበኝ እንጂ አልገደለኝም። እናንተ የምታነቡ፣ ሰው "ለስምሽ ብዬ ነው፣ ለክብርህ ብዬ ነው" ብሎ ሕይወታችሁን ሲያስተካክልላችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ ራሳችሁ ቁጠሩት። የእናንተ ሰው ነው ብላችሁ አትዝለሉ። እኔን የጎዳኝ የእኔው ሰው ነው።

ባለፈው አንድ እሁድ ቅዳሴ ሲወጣ አንዲት እናት እየሳቁ መጥተው አቀፉኝ። የመጀመሪያውን ወሬ ሰምተው የኋላውን ያልሰሙ ናቸው። "እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ! ወንድምሽ ወንድ ልጅ ወለደ አሉ።"

ሰዉ ዙሪያችንን ነው። አመሰግናለሁ ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ አሮጊት ናቸው፣ ክፋት የለባቸውም። እጃቸውን ያዝኩ።

"ወንድም የለኝም እማማ" አልኳቸው። "ባል ነበረኝ። ትቶኝ ሄደ።"